የእማ ሉባባ መጅ

ይህን ነገር ባሌ ሳይሰማው ሞተ፤ ልጆቼም እስከ ዛሬ አያውቁትም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የንስሐ አባት አላቸው፤ የከበዳቸውን ይነግሩትና ቀለል ብሏቸው ይመለሳሉ። እኛ የምንነግረው ለአላህ ነው፣ እሱም መሓሪ ነው። የሰው ሐቅ ሲሆን ግን ባለሐቁ ራሱ አፉ፣ ይቅር፣ ካላለ ነገሩ እንዳለ ይቆያል ይላሉ ሼኾቻችን። የእኔ ባለሐቅ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው። ስለዚህ በልጅ ልጄ ደብተር ላይ፣ በስተርጅና ፊደል በቆጠረ እጄ፣ ለእናንተ ልጽፈው ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጄ የቤቱን ወለል ሲሚንቶ ሊያለብስ ብሎ አሮጌውን ወፍጮ ከመደቡ ፈንቅሎ አወጣው። አራት ሰው ተጋግዞ ነው ደጅ ያደረሰው። ከዚያ ልጆቹን ሰብስቦ፣ «የዚህን መጅ ጣሊያን ነው የወሰደው፤ ቅድመ አያታችሁ ዓይነ ስውር ነበሩ፣ ከእጃቸው ነጥቆ ነው የወሰደባቸው» እያለ ሲያወራላቸው ሰማሁ። ልጆቹ አዘኑ። ትንሿ አለቀሰች። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ዝም አልኩ። ከዚህ በፊትም ዝም ብያለሁ፣ ዝምታ ለምዶብኛል። የትንሿ ልጅ ዕንባ ግን አላስቀመጠኝም።

በሞተር የተፈጨ የባቡር ዱቄት እየበላችሁ ላደጋችሁ ልንገራችሁ። የእጅ ወፍጮ ሁለት ድንጋይ ነው። ትልቁ ዘንበል ብሎ መደብ ላይ ይተከላል፣ እሱ ወፍጮ ነው። ትንሹ፣ በሁለት እጅ ተይዞ እህሉን እየዳጠ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሰው፣ መጅ ይባላል። የእኛ ቤት ወፍጮና መጅ ከአሊዩ አምባ የመጡ ነበሩ። አማቴ እማ ሉባባ ሲዳሩ ሙሽራዋ በበቅሎ፣ ወፍጮው በግመል ሆኖ፣ ቆላ ለቆላ ተጉዘው እዚህ ገቡ። ከእሳቸው በፊት እናታቸው ፈጭተውበታል። መጇ ከላይዋ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ነበሯት፤ ማንም አልጠረባቸውም፣ የእናትና የልጅ መዳፍ እያረፈ እያረፈ የሠራቸው ናቸው። እማ ሉባባ ወፍጮውን «እሱ»፣ መጇን «እሷ» ይሉ ነበር።

ወደ ባሌ ወደ ሰይድ ቤት የገባሁት ጣሊያን አገሩን በያዘ በዓመቱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ማሽላው መሐል ነበር። ሰይድ ከግመሎቹ ጋር በረሃ ስለሚከርም ቤቱ የእኔና የእናቱ ነበር ማለት ይቻላል። የእማ ሉባባን ሁለቱንም ዓይኖች ያን ጊዜ ሞራ ሸፍኗቸዋል። ሰውን የሚያውቁት በእርምጃው ነው። እኔን ገና በሳምንቴ፣ «ከድጃ፣ አንቺ መሬቱ ላይ ቂም አለሽ እንዴ? ምነው እንዲህ ትረግጪዋለሽ?» ብለው ጎረቤት አስቀውብኛል። ውሃ መቅዳት አይችሉ፣ እንጨት መልቀም አይችሉ፣ ምድጃ ሲጠጉ ቀሚሳቸው እንዳይያያዝ እንጮህባቸዋለን። ወፍጮው ፊት ሲንበረከኩ ግን የምናንሰው ዓይን ያለን እኛ ነበርን። ዱቄቱን በሁለት ጣታቸው አሸት አድርገው፣ «ይሄ ለቂጣ ይሆናል፤ ለገንፎ ገና ነው» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም።

የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ሰግደው ሲጨርሱ ይጀምራሉ። መጇ ስትሄድ ድምፅዋ ይሻክራል፣ ስትመለስ ይለሰልሳል። እኔ ተጋድሜ እሰማለሁ። ብርሃኑ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል፣ የአዲስ ዱቄት ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፣ እሳቸውም ለራሳቸው ያህል ያንጎራጉራሉ፦

መጄ ሂጂ ነይልኝ ከፊት ወደ ጓዳ፣
አንቺ እያለሽልኝ አልባልም ባዳ።

ዛሬ ያንን ድምፅ አንድ ጠዋት ብቻ ለመስማት ምን አልሰጥም? ያን ጊዜ ግን ነጠላዬን ጆሮዬ ላይ እጠቀልል ነበር።

ወፍጮው ሲሟልጭ ይወቅሩታል። ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው በሹል ድንጋይ ኳ ኳ እያደረጉ፣ እህሉን እንዲነክስ ያሻክሩታል። አንድ ቀን ምላሴ አላርፍ ብሎኝ፣ «እማ፣ ዓይንዎ ከጠፋ ወዲያ ምኑን ነው የሚሸፍኑት?» አልኳቸው። «ቢጠፋም የኔ ነው» አሉኝና መውቀራቸውን ቀጠሉ። ከተወቀረ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ዱቄት አሸዋ ስላለበት ለዶሮ ነው የሚደፋው። ዶሮዎቹ የመውቀሩን ድምፅ ሲሰሙ ከያሉበት እየሮጡ መጥተው ደጃፉ ላይ ይሰለፋሉ። እሱን ሳስታውስ አሁንም ያስቀኛል።

እውነቱን ልናገር፣ እቀና ነበር። በዓይነ ስውር አሮጊት መቅናት! እኔ ሸርክቼ አቀርባለሁ፣ ማድቀቁ የእሳቸው ነው። ጎረቤት ዱቄቱን አይቶ የሚያመሰግነው እሳቸውን ነው። ሰይድም ከበረሃ ሲመለስ ከግመሎቹ ወርዶ የሚጠይቀው የእናቱን ገንፎ ነው። እኔ ያገነፋሁትን ገንፎ የእናቱ ገንፎ ይለዋል፤ ዱቄቱ የእሳቸው ስለሆነ።

በዚያ ሰሞን ጣሊያን መንገዱን ወደ ደሴ እየገፋ ነበር። ሸዋ ሮቢትም የእህል ባቡር መጣ፤ በሞተር የሚፈጭ። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ እኛ ድረስ ይሰማል። እማ ሉባባ ባቡር ሲባል ሰምተው፣ «ሰው የሚጭነው ነው እህል የሚፈጨው? ወይስ ሰውንም ይፈጫል?» ብለው ጠየቁ። እኔ ግን ልቤ ሄደ። አንድ ቀን ማሽላዬን ተሸክሜ አስፈጭቼ መጣሁ። ገና ስገባ እጃቸውን ወደ ዱቄቱ ሰደዱና፣ «ይሄስ ትኩሳት አለበት፤ ምን አግኝቶት ነው?» አሉ። አሸተቱት። ጋዝ ጋዝ ይላል አሉ።

እልህ ያዘኝ። ሰይድ ሲመጣ በዚያው ዱቄት ገንፎ አገነፋሁለት፣ ቅቤም አልሰሰትኩም። ሁለት ጊዜ ጎረሰና እጁን ሰብስቦ፣ «እማን አሟታል እንዴ?» አለ። ክፉ አስቦ አልነበረም። እማ ሉባባ ከጥግ ሆነው፣ «እኔ ደህና ነኝ፤ የታመመው ዱቄቱ ነው!» አሉና ሳቁ። ሰይድ ሳቀ፣ ገንፎ ሊበሉ የመጡት ጎረቤቶችም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለሳቅ ብሎ ሰው እንዲህ ይጠላል? እኔ ጠላሁ። የጠላሁት ግን ሰይድን አይደለም፣ እማ ሉባባንም አይመስለኝም። መጇን ነው የጠላሁት።

ሰይድ ግመሎቹን ይዞ በሄደ በሦስተኛው ቀን በጭቃ ሹሙ በኩል ትእዛዝ መጣ፤ እያንዳንዱ ቤት እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ክምር መንገዱ ዳር ያቁም ተባለ። ሁለት ቀን ሙሉ ከወንዙ እስከ መንገዱ ስሸከም ዋልኩ። እዚህ ላይ ብዋሽ ይቀለኝ ነበር። ደክሞኝ ነው፣ ድንጋይ ጎድሎኝ ነው፣ ግርፋት ፈርቼ ነው ብል ማን ያስተባብለኛል? ግን አልጎደለኝም። ክምሬ ሞልቶ ነበር፣ ከጉልበቴም አልፎ ነበር።

እማ ሉባባ ቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ከጎረቤት ጋር ሲያወጉ ቤት ገባሁ። መጇ ወፍጮው ላይ ተደፍታ ጨርቅ ለብሳለች። አነሳኋት። በነጠላዬ አዘልኳት። ልጅ ገና አልወለድኩም ነበር፤ በጀርባዬ መጀመሪያ ያዘልኩት እሷን ነው። ሄጄ ክምሩ ውስጥ አስገባኋት፣ ሁለት ድንጋይ ደረብኩባት፣ ተመለስኩ። ምን አስቤ ነበር? መጅ ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ ደግሞ ከወንዝ አይጠፋም፣ ሌላ እስኪገኝ የባቡሩን ዱቄት ይለምዱታል፣ እኔም አርፋለሁ። ይህን ነው ያሰብኩት። ወፍጮና መጅ እርስ በርስ እየተፋጩ አንዱ የሌላውን ቅርጽ እንደሚይዝ፣ ወፍጮው ሌላ መጅ ቢያመጡለት እንደማይቀበል፣ በየቀኑ እየሸረከትኩበት አላወቅሁም።

የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ከሰገዱ በኋላ እጃቸውን ሰደው ጨርቁን አገኙ። ከጨርቁ ሥር ምንም የለም።

«ከድጃ፣ እሷን የት አኖርሻት?»

«ጣሊያኖች ወሰዷት» አልኩ። «ለመንገዱ ድንጋይ ሲሰበስቡ።»

ያን ጊዜ ጣሊያን ያልወሰደው ምን ነበር? በሬ ወስዷል፣ ሰው ወስዷል። እኔ አንድ ድንጋይ ብጨምርበት ማን ይጠይቀኛል? እማ ሉባባ ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ጥቂት አሰቡና፣ «ፈረንጅ መጅ ምን ያውቃል፣ ድንጋይ መስላው ነው። ሄደን እንንገረው፣ ይመልሳታል» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት የበትራቸውን ጫፍ ይዤ መራኋቸው። ክምሩ መንገዱን ይዞ ተሰልፏል፤ መዶሻ የያዙ ሰዎች ከወዲያኛው ጫፍ ጀምረው እየከሰከሱ ይመጣሉ። ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ ግራር ሥር ቆሟል። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ «እናቴ፣ ምን ጠፋብዎት?» አላቸው።

«መጄ። በስህተት ነው የመጣችው።»

ሰውየው ሊስቅ ጀመረና ዓይናቸውን አይቶ ተወው። «እንግዲያ እኛ እዚህ ሳንደርስ ይፈልጓት» አለ።

ተንበርክከው እያንዳንዱን ድንጋይ መዳሰስ ጀመሩ። ፀሐዩ የቆላ ፀሐይ ነው። ላባቸውን በመሐረማቸው እየጠረጉ፣ ድንጋዩን እየገለበጡ፣ «አይደለችም፣ አይደለችም» ይላሉ። ከክምር ወደ ክምር የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። የእኛ ክምር አምስተኛው ነበር። አራተኛውን ጨርሰን ቀና ስል አየኋት። የደረብኩባት ድንጋይ ተንሸራቶ አንዱ የመዳፍ ጎድጓዳ ወጥቶ ይታያል። እጃቸውን ወስጄ ባስቀምጠው ነገሩ ያልቅ ነበር፤ መጇ ሙሉ ነበረች፣ አንድ ጎኗ እንኳ አልተነካም። ግን ጣሊያን የወሰዳት መጅ በእኛ ክምር ምን ትሠራለች? ቢሉኝስ?

«ይሄኛውን አይተነዋል» አልኳቸውና ወደ ስድስተኛው ወሰድኳቸው።

ስንመለስም በዚያው አሳለፍኳቸው። ቆም ብለው፣ «ይሄንንስ?» አሉኝ። «አይተነዋል፣ እማ» አልኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት። መጇን ከቤት ማውጣቴን፣ ልጅ ነበርሽ፣ ቅናት ነው ብላችሁ ልታልፉልኝ ትችላላችሁ። ያቺን «አይተነዋል» ምን ልትሏት ነው? እሳቸው የሚያዩት በእጃቸው ነው፣ እጃቸውም አልነካውም። ያየሁት እኔ ነኝ። በትራቸውን አምነው የሰጡኝ ሰው እኔ ነኝ።

መዶሻዎቹ እኛ ክምር ደረሱ። እማ ሉባባ ራቅ ብለው ሌላ ክምር እየዳሰሱ ነበር። ኳ ኳ ሲል የቆየው መዶሻ በድንገት ድምፁ ተለወጠ፤ ጠጠር ያለ፣ ቀጠን ያለ ድምፅ አወጣ። እማ ሉባባ ቀና አሉ። «ይቺ ናት!» አሉና በትሩን እኔ እጅ ላይ ትተው፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ ያለ እኔ በድምፁ ሄዱ። ሰዎቹ መዶሻቸውን አቆሙ። በጠጠሩ መሐል ተቀምጠው ስብርባሪውን በጣታቸው ለቀሙት። አንዲት ቁራጭ አገኙ፤ ጭብጥ የምታህል፣ አንዱ የመዳፍ ጎድጓዳ ያለባት። አውራ ጣታቸውን እዚያ ውስጥ አሳረፉ።

«ይሄ የእናቴ እጅ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ከየትኛው ክምር ነበረች፣ ከድጃ?»

«እንጃ፣ እማ። ተደባልቋል።»

ሰይድ ሲመለስ ጣሊያንን ረገመ። ከወንዝ ሦስት ድንጋይ አምጥቶ አስጠረበላቸው። እማ ሉባባ በእያንዳንዱ ሞከሩ፤ አንዱ ያነክሳል፣ አንዱ ይንሸራተታል፣ ሦስተኛው ደህና መስሎ ገንፎው ላይ አሸዋ ተገኘ። እኛ እንዳልተሰማን ዋጥነው። እሳቸው ግን ሲያኝኩ ሰሙት። ያን ቀን ከወፍጮው ተነሡ፣ ዳግመኛ አልተንበረከኩበትም።

ከዚያ በኋላ የባቡር ዱቄት በላን። እኔ ሸዋ ሮቢት እመላለስ ጀመር፣ እንደተመኘሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። እማ ሉባባ በራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳሉ፣ ራሳቸው አያውቁትም። ከዚያ በፊት ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ማለት ጀመሩ፤ «ምን ልርዳሽ?» ይላሉ። እህል ሲቀርብ፣ «አስቸገርኳችሁ» ይላሉ። በገዛ ቤታቸው፣ ሙሽራ ሆነው በገቡበት ቤት! ያ የፈሩት ባዳነት መጣባቸው። ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ አደርግላቸው ነበር፣ አጥባቸው ነበር፣ ጠጉራቸውን እቀባቸው ነበር። ጎረቤት፣ «እንዲህ ያለች ምራት የት ትገኛለች» ይል ነበር። እያንዳንዷ ምስጋና ጆሮዬ ስትገባ ታቃጥለኝ ነበር፣ ግን አንዷንም አልመለስኩም።

ጣሊያን ሊወጣ ሲቃረብ አልጋ ያዙ። ውሃ የማይችል በሽተኛ ለሶላት መታጠብ፣ ውዱእ ማድረግ፣ ሲያቅተው ንጹሕ አፈር ወይም ድንጋይ መታ አድርጎ ፊቱንና እጁን ያብሳል፤ ተየሙም ይባላል። እማ ሉባባ ለተየሙም የመረጡት ያቺን ቁራጭ ነው። በቀን አምስት ጊዜ የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። በቀን አምስት ጊዜ ጥፋቴን አንስቼ በእጃቸው አስቀምጥ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ አልሐምዱሊላህ እያሉ ይቀበሉኛል።

አንድ ቀን የከሰዓቱን ሶላት፣ ዐስርን፣ ከሰገዱ በኋላ እጄን ያዙ። «አፉ በይኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ብዙ አስቸግሬሻለሁ። ያን ጊዜ ሱብሂ ላይ በወፍጮው እንቅልፍ እነሳሽ ነበር፤ ነጠላሽን ጆሮሽ ላይ ስትጠቀልዪ እሰማ ነበር።»

«አፉ ብያለሁ፣ እማ» አልኩ። «አንቱም አፉ በሉኝ።»

«ለየትኛው?»

በሩን ከፈቱልኝ። ይኸው፣ ለየትኛው ብለው ጠየቁኝ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። አራት ቃል ይበቃኝ ነበር፤ መጇን የወሰድኳት እኔ ነኝ ማለት። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ለሁሉም» አልኩ።

«ለሁሉም አፉ ብያለሁ» አሉ፣ ፈገግም አሉ። በሳምንቱ ሞቱ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሼኽ ጋ ሄጄ የሌላ ሴት ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅሁ። ሳያውቁ አፉ ያሉት ይቆጠራል ወይ? ሼኹ ጢማቸውን ያዙ፣ አየት አደረጉኝ፣ «በዳይዋ ሴትዮ በሕይወት ካለች ትናገር» አሉ። እሱን ሳልፈጽም ይኸው እርጅና ደረሰብኝ።

አሁን የእኔም እግር እምቢ ብሏል። ውሃው ከብዶኛል። ያቺን ቁራጭ ከሣጥን አውጥቼ በእሷ ተየሙም አደርጋለሁ። አውራ ጣቴ ጎድጓዳው ውስጥ ልክ ይገባል። በሰው ሐቅ የመጣች ድንጋይ ታነጻለች? እሱን የሚያውቀው አንድ ነው። ወፍጮው ከደጅ ተጋድሟል፤ ሰኞ በጋሪ ይወስዱታል አሉኝ። ትናንት ልጆቹን ለምኜ ደግፈውኝ ወጣሁና እጄን ጣል አደረግሁበት። ፊቱ ገና ሻካራ ነው። የመጨረሻውን የወቀሩት እሳቸው ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አልወቀረውም። ደህና ሁን አልኩት።

ልጆቼ፣ በቀብሬ ቀን በጀናዛዬ ላይ እንደ ልማዱ «በእሷ ላይ ሐቅ ያለው ይናገር» ስትሉ እማ ሉባባ ተነሥተው አይናገሩም። ያን ጊዜ ይህን ደብተር አንብቡት፣ በሕዝቡ ፊት፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ። ትንሿ ልጅም ትስማ። ልጅ ነበርሽ አትበሉኝ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር አትበሉ። ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ጣሊያንም የራሱ ኃጢአት ሞልቶታል፤ የእኔን አትጨምሩበት። መጇን እሱ አልወሰዳትም። እኔ ነኝ አዝዬ የወሰድኳት።